«ለጋሽ መሆን አይችሉም»

የአልትራሳውንድ ባለሙያው ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። ጄሉን ሆዴ ላይ ከማፍሰሱ በፊት «ይቀዘቅዛል፣ ይቅርታ» አለኝ። ኩላሊቱን ለማን እንደምሰጥ ጠየቀኝ፤ ለታላቅ ወንድሜ ነው ስለው «እንዲህ ዓይነት እህት ይስጠን» አለ። ከዚያ መሣሪያውን ከቀኝ ጎድኔ ሥር ገፋ አድርጎ ማየት ሲጀምር ጨዋታው ቆመ። እጁ አንድ ቦታ ላይ ይዘገያል፤ ቁልፍ ይጫናል፤ ስክሪኑ ላይ ካለ ጥቁር ክብ ጫፍ እስከ ጫፍ ነጠብጣብ መስመር ይዘረጋል፤ ቁጥር ይመዘገባል፤ ያልፋል። ትንሽ ሄዶ ደግሞ ይዘገያል። «በዚህ በኩል ይዙሩልኝ» አለኝ። በግራ በኩልም እንደዚያው ሆነ። በመጨረሻ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳይነቅል «አባትዎ በምን ነበር ያረፉት?» ብሎ ጠየቀኝ።

ውጤቱን የነገረችኝ ሐኪም ወንበሯን ከጠረጴዛው ጀርባ አውጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ለጋሽ መሆን አይችሉም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ የተናገረችው ወዲያው አልገባኝም። ሁለቱም ኩላሊቶቼ ላይ ውሃ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ። በሽታው ፖሊሲስቲክ ኩላሊት ይባላል፤ ባለብዙ ከረጢት ኩላሊት እንደማለት ነው። ወላጁ ይህ በሽታ ለነበረበት፣ ዕድሜው ከ40 እስከ 59 ለሆነ ሰው በእያንዳንዱ ኩላሊት ሁለት ሁለት ከረጢት መታየቱ በሽታው አለ ለማለት ይበቃል፤ የእኔ ከዚያ በላይ ነበር። አባቴን የገደለው፣ ወንድሜን እጥበት ላይ ያስቀመጠው ነገር እኔም ውስጥ አለ። 43 ዓመቴ ነበር፤ ጎኔን አሞኝ አያውቅም።

በሽታው እንዳለብኝ መስማት ከባድ ነበር፤ ግን ተለመደ። ያልተለመደልኝ ሌላ ነው። እዚያ አልጋ ላይ የተኛሁት ልሰጥ ነበር። የፈረምኩት ወረቀት ስለ ማደንዘዣው፣ ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ በአንድ ኩላሊት ስለ መኖር በዝርዝር ያስረዳል። ይህ ምርመራ አባቴ የነበረበት በሽታ እኔም ዘንድ መኖር አለመኖሩን ሊነግረኝ እንደሚችል፣ ያንን ማወቅ እፈልግ እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር ግን የለውም። በአፍ የጠየቀኝም የለም። በሽታው በዘር እንደሚመጣ ሰምቼ ነበር። ሆኖም ወንድሜ ታማሚ፣ እኔ ጤነኛ ሆነን ቦታ ተከፋፍለን ስለነበር፣ ወደዚያ ክፍል የገባሁት እንደ ጤነኛዋ ነው። ለመስጠት የተኛ ሰው ስለ ራሱ ፍርድ ሊሰማ የተዘጋጀ አይደለም።

የአባባ ኩላሊት

በቤታችን በሽታው ስም አልነበረውም። «የአባባ ኩላሊት» ነበር የሚባለው፤ ልክ የእሱ ብቻ የሆነ፣ ከእሱ ጋር መጥቶ ከእሱ ጋር የሚሄድ ነገር ይመስል። ሲሞት እኛም እንደዚያ አብረን የቀበርነው መሰለን። ወንድሜ ታሞ ሐኪም ዘንድ እስኪሄድ ድረስ «ፖሊሲስቲክ» የሚባለውን ቃል ከመካከላችን ያነሳው ሰው አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጤነኛ ኩላሊት ጭብጥ ያህላል፤ ክብደቱ 150 ግራም ገደማ ነው። በውስጡ አንድ ሚሊዮን የሚሆኑ ደቃቅ ማጣሪያዎች አሉ፤ ከእያንዳንዱ ማጣሪያ ሽንት የሚያልፍበት ቀጭን ቱቦ ይወጣል። በዚህ በሽታ ከቱቦዎቹ ጥቂቶቹ ግድግዳቸው እየተነፋ ከረጢት ይሆናሉ፤ ከረጢቱ ውሃ ይቋጥራል፤ ያድጋል፤ ጎረቤቱን ይጫናል። ኩላሊቱ በዓመታት ውስጥ ብዙ ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የሚያታልለው የቀሩት ማጣሪያዎች ትጋት ነው። የወደቁትን ሥራ ደርበው ለአሥርት ዓመታት ይሠራሉ። ስለዚህ ኩላሊቱ እጥፍ ሆኖም የደም ምርመራው ክሬያቲኒንን፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራውን ቆሻሻ፣ ልከኛ አድርጎ ሊያሳይ ይችላል። ሰው የሚነቃው ትጋቱ ሲያልቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ወልዶ፣ አሳድጎ፣ ያለውን ሁሉ ካወረሰ በኋላ።

አባባ ገና በሠላሳዎቹ ደም ግፊት ነበረበት። የሥራ ጭንቀት ነው ተባለ። ሽንቱ አልፎ አልፎ ደም ይቀላቅል ነበር፤ ጠጠር ነው ተባለ፤ ጠጠርም በእርግጥ ከዚህ በሽታ ጋር ይመጣል። እያንዳንዱ ምልክት የየራሱ ምክንያት ስለተገኘለት፣ ምልክቶቹ አንድ ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

አንድ ላይ ያስቀመጠቻቸው ያቺ ሐኪም ናት። ነጭ ወረቀት አውጥታ የቤተሰባችንን ሐረግ መሳል ጀመረች። ወንድ አራት ማዕዘን፣ ሴት ክብ፤ የሞተ ሰው ላይ ሰያፍ መስመር ይሰመራል፤ በሽታው ያለበት ይጠቁራል። «የአባትዎ ወላጆችስ?» አለችኝ። አያቴ ወጣት ሆና ነው የሞተችው፤ ድንገት ኃይለኛ ራስ ምታት ያዛት፣ ተኛች፣ አልተነሳችም። ሐኪሟ ብዕሯን አቆመች። ይህ በሽታ ከኩላሊት አልፎ ጉበት ላይ ከረጢት እንደሚያወጣ፣ በአንዳንዶች ላይ ደግሞ የአንጎል ደም ሥር ግድግዳን እንደሚያሳሳና እንደሚያሳብጥ፣ ያበጠው ሲፈነዳ ሰው እንዲያ እንደሚሞት ነገረችኝ። ወንድሜም እኔም የአንጎል ደም ሥራችን በኤምአርአይ መታየት እንዳለበት እዚያው ጻፈች። አያቴ በቤታችን ወሬ «በራስ ምታት የሞተችው» ነበረች። ከአባባ ኩላሊት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር ተጠርታ አታውቅም።

ሐኪሟ አባባን አጠቆረችው። ታላቅ ወንድሜን አጠቆረችው። ቀጥላ ወደ እኔ ክብ መጣችና ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ብዕሯን አሳርፋ ከጠርዙ ወደ ውስጥ ቀስ እያለች ቀለም ሞላችው። ሳይጠቁር የቀረው የታናሽ ወንድማችን አራት ማዕዘን ነው። ከእኔ ክብ ሥር ደግሞ ልጄ ነበረች።

የሰው ልጅ ይህን በሽታ ካየው ረጅም ጊዜ ሆኖታል። የፖላንድ ንጉሥ ስቴፋን ባቶሪ እ.ኤ.አ. በ1586 ሲሞት፣ አስከሬኑን ያዘጋጀው ቀዶ ሐኪም ኩላሊቶቹ እጅግ ትልልቅና ጎርባጣ ሆነው እንዳገኛቸው ተመዝግቧል፤ በኋላ ያነበቡት ሐኪሞች ይህንኑ በሽታ ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድበትን መንገድ ግን በደንብ ያሳየው ዴንማርካዊው ሐኪም ዳልጎር ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 ባወጣው ጥናት 284 ታማሚዎችን ከነቤተሰቦቻቸው ተከታትሏል። ዳልጎርም የእኔዋ ሐኪም ያደረገችውን ነው ያደረገው፤ ተቀምጦ እናትህ በምን ሞተች፣ አጎትህስ እያለ ጠይቆ። ዘረመሎቹ የተገኙት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። በ16ኛው ክሮሞዞም (ዘረመሎችን ከያዙት ክሮች አንዱ) ላይ ያለው ፒኬዲ 1 በ1994፣ በ4ኛው ላይ ያለው ፒኬዲ 2 በ1996 ተለዩ። ብዙኃኑን ታማሚ የሚያደርገው የመጀመሪያው ነው፤ ሁለተኛው ዘግየት፣ ቀለል ይላል። የእኛ የመጀመሪያው ነው።

ተራ የለውም

እማዬ የራሷ ሒሳብ ነበራት። ሦስት ነን፤ በሽታው እኩሌታውን የሚይዝ ከሆነ፣ ታላቁ ስለታመመ ከቀሪዎቹ ምናልባት አንዱ ነው። እኔ ሲገኝብኝ ደግሞ «እንግዲህ ትንሹ ተረፈ» አለች። ፊቷ ላይ ያየሁትን እፎይታ መንጠቅ አልፈለግሁም፤ ግን ሒሳቡ ትክክል አይደለም።

አባባ ከ16ኛው ክሮሞዞም ሁለት ነበሩት። አንዱን ከእናቱ ከነጉድለቱ ተቀበለ፤ ሌላውን ጤነኛውን ከአባቱ። ለእያንዳንዳችን ከሁለቱ አንዱን ብቻ ሰጠን፤ የትኛውን እንደሰጠ ደግሞ ከእኛ በፊት ለተወለደው የሰጠው አይወስነውም። ለታላቁ ግማሽ በግማሽ ነበር፤ ለእኔም፤ ለታናሹም። ወንድ ሴት አይልም። ሦስታችንም ልንወስድ እንችል ነበር፤ ሦስታችንም ልናመልጥ እንችል ነበር። የታናሽ ወንድሜ ዕድል በእኔ ውጤት አልጨመረም፣ አልቀነሰም።

ሰው በዘር የሚመጣ በሽታ ሲባል አንድ ዓይነት መንገድ ይመስለዋል፤ መንገዶቹ ግን ብዙ ናቸው። ሲክል ሴል ከሁለቱም ወላጅ ካልመጣ አይገለጥም፤ ተሸካሚ የሆኑ ጤነኛ ባልና ሚስት ሳያውቁት ይጋባሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ልጅ ከአራት አንድ ነው። በሽታው ለብዙ ትውልድ ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ሄሞፊሊያ በአብዛኛው በእናት በኩል መጥቶ ወንዶቹን ልጆች ይይዛል፤ ከታመሙት ሲሶ በሚሆኑት ላይ ግን በቤተሰቡ ታይቶ የማያውቅ አዲስ ለውጥ ነው። ይህን እያወቀም ስንቱ ዘመድ እናቲቱን ሲኮንን ይኖራል! የእኛው ግን አይደበቅም፣ ትውልድም አይዘልም። አንዱ ወላጅ ብቻ ይበቃዋል። ያልወረሰ ሰው ደግሞ የሚያወርሰው የለውም፤ ጤነኛውን ክሮሞዞም በወሰደው ልጅ ዘንድ በሽታው ያበቃል፤ ከልጅ ልጆቹ አንዱም አይፈራም። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ይባላል፤ የአባትም እንደዚያው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ከአልትራሳውንዱ በፊት የመጣው የደም ውጤት ነው። ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው ምልክቶች የሚጻፉት በ6ኛው ክሮሞዞም ላይ ነው። ሁለት ወንድማማች ሙሉ በሙሉ የመመሳሰል ዕድላቸው ከአራት አንድ ነው፤ በግማሽ የመመሳሰላቸው ከሁለት አንድ፤ ምንም ያለመመሳሰላቸው ደግሞ ከአራት አንድ። እኔና ወንድሜ ሙሉ በሙሉ ተመሳስለን ተገኘን። ወረቀቱን ይዤ ነው እየሮጥኩ የነገርኩት። ከዚህ የተሻለ ለጋሽ ሊያገኝ አይችልም ነበር። 6ኛውና 16ኛው ክሮሞዞም ግን አይተዋወቁም፤ አንዱ ሲወርድ ሌላውን አያማክርም። አንድ ቦታ ላይ ዕድሉ ለእሱ ደላው፤ ሌላ ቦታ ላይ ሁለታችንንም ጣለን።

የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1954 ቦስተን ውስጥ ነው፤ ሮናልድ ሄሪክ ለመንታ ወንድሙ ለሪቻርድ ሰጠ። የሪቻርድ ሰውነት ኩላሊቱን ያልገፋው መንቶቹ ከአንድ ዕንቁላል የወጡ ስለሆኑ ነው። ሥጋ ዝምድና ራሱ መድኃኒት ሆነ። በእኛ በሽታ ግን እንዲህ ያለ መንታ በፍጹም መስጠት የማይችል ሰው ነው፤ አንዱ ካለበት ሌላውም አለበትና። ዘር ከልጓም ይስባል። እኛን ወደ ወንድማችን አልጋ የሳበን ዘር ነው፤ ባዶ እጃችንን የመለሰንም እሱ ነው።

«ምን አሉሽ?»

ወንድሜን ያገኘሁት እጥበት ላይ እያለ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ያህል ማሽኑ ላይ ነው። ክንዱ ላይ የደም ሥሮቹ የተገናኙበት ቦታ አብጧል፤ እጅ ሲጭኑበት ይንዘረዘራል። ሁለቱ መርፌዎች ገብተው በፕላስተር ተይዘዋል፤ ደሙ በአንዱ ቱቦ ይወጣል፣ በሌላው ይመለሳል። በዚያኛው እጁ ስልኩን ይዞ ነበር። ስገባ አስቀመጠው።

«ምን አሉሽ?»

በመንገድ ላይ ስዘጋጅበት የመጣሁት መልስ ነበረኝ። ለጋሾችን የሚመረምሩ ሐኪሞች የሚያውቁት አንድ መልካም ሥርዓት አለ። መስጠት የማይፈልግ ዘመድ በቤተሰብ ተገፋፍቶ ከመጣ፣ ለብቻው ያነጋግሩታል፤ አልፈልግም ካለ ለቤተሰቡ የሚነገረው «ለመስጠት አይስማማውም» ብቻ ነው። ዝርዝሩ አይነገርም። ሰውየው ከነክብሩ ይወጣል፤ ቤተሰብ አይፈርስም። ብልህ ነገር ነው። እኔም «አልተስማማም» ልለው፣ ለዛሬ በዚያ ልለፈው አስቤ ነበር።

«ጋሼ፣ አልሆንኩም» አልኩት።

ዝም ብሎ አየኝ። የደም ውጤታችን መመሳሰሉን ያውቃል። ጤነኛ መሆኔን ያውቃል። አባባ በምን እንደሞተ ያውቃል። ሌላ ሰው ቢሆን «ለምን?» ይል ነበር። እሱ ያለው «አንቺም?» ነው።

እስካሁን ሳስበው የሚያመኝ ይህ ቅጽበት ነው። ሌላ ቤተሰብ ውስጥ «አልሆንኩም» ማለት መሸሸጊያ ነው፤ ከጀርባው ሺህ ምክንያት ሊኖር ይችላል። እኛ ዘንድ ከጀርባው አንድ ነገር ብቻ ነው ያለው። ያው መልስ፣ ሰውን ከዓይን ሊከልል የተሠራው መልስ፣ እኛን ያጋልጠናል። ማንም የዚህ በሽታ ቤተሰብ አባል ለመስጠት ሄዶ ሳይሰጥ ከተመለሰ፣ ሳይናገር ተናግሯል።

ማሽኑ ጮኸ፤ ነርሷ መጥታ አንድ ቁልፍ ነክታ ሄደች። ወንድሜ ክንዱን ማንቀሳቀስ ስለማይችል ወደ እኔ መዞር አቃተው። «ይቅር በይኝ፣ እህት ዓለም» አለኝ። በምን ምክንያት አልኩት። «እኔ ባልታመም ኖሮ አታውቂውም ነበር።» ከእኔ በፊት ገባው። የነፈግሁት ኩላሊት ትዝም አላለው፤ የከነከነው በእሱ ሰበብ የደረሰኝ ዕውቀት ነው።

ልክ ነው፣ ባይታመም አላውቅም ነበር። አለማወቄ ይሻለኝ ነበር ወይ? ለምርመራው ስሄድ ደም ግፊቴ 150 በ95 ነበር፤ ምንም አልተሰማኝም። በዚህ በሽታ ግፊት ኩላሊቱንም ልብንም ይጎዳል፤ መድኃኒት ጀመርኩ፤ አሁን ልከኛ ነው። ጨው ቀነስኩ። በሽታው በፍጥነት ለሚገሰግስባቸው ከረጢቶቹን የሚያዘገየው ቶልቫፕታን የሚባል መድኃኒት አለ፤ ለእኔ ያስፈልግ እንደሆነ በኩላሊቴ መጠን እየተለካ ይታያል። አባባ ይህን ሁሉ አላገኘም። ማወቄ ዓመታት ሊጨምርልኝ ይችላል። ይህን ሳስብ ያንን ባለሙያ አመሰግነዋለሁ። ሆኖም የጠቀመኝ ነገር ሳይጠይቁኝ የተሰጠኝ መሆኑ አይለወጥም። ጥቅሙ ጥያቄውን አያስቀረውም። ሁለቱንም አንድ ላይ መያዝ ለረጅም ጊዜ አስቸግሮኝ ነበር፤ አሁን ግን አንዱ ሌላውን እንዲያሸንፍ አልጠብቅም።

ሳያዩ ይውሰዱት

ታናሽ ወንድማችን 36 ዓመቱ ነው። የእኔን ውጤት እንደሰማ «እኔ አልመረመርም» አለ። ከዚያ በኋላ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ማንም መገመት ይችላል። እማዬ አለቀሰች። አክስታችን ደውላ ወቀሰችው። «ለወንድሙ ጨከነ» የሚለው ቃል ከአንድ ሰው በላይ አፍ ላይ ዋለ። እማዬ የምትጠቅሰው ተረት አላት፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። ለብዙ ሰው ልክ የሆነ ተረት ነው፤ እሱ ግን ምንም አልደበቀም፤ የሚደብቀው የታወቀ ነገር የለውም።

ለብቻችን ስንሆን ጠየቅኩት። «ለጋሼ ዛሬ ኑ ቢሉኝ እሰጠዋለሁ» አለኝ። «ሳያዩኝ ይውሰዱት። ማወቅ ነው የማልፈልገው።»

ሳያዩ መውሰድ አይቻልም። በሽታው ያለበትን ኩላሊት አውጥቶ ለሌላ መስጠት ሁለት ሰው መጉዳት ነው። በእሱ ዕድሜ አልትራሳውንድ ብቻውን ስለማያስተማምን፣ ኤምአርአይ ወይም የዘረመል ምርመራ ይጠይቁታል፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ ቁርጥ ያለ መልስ ነው። ስለዚህ ለእሱ መስጠትና ማወቅ ተጣብቀው ነው የቀረቡለት። ሰው የሚወቅሰው አንደኛውን እንደነፈገ አድርጎ ነው፤ እሱ እንቢ ያለው ሁለተኛውን ነው። ይህን ካየሁ በኋላ ከእሱ ጎን ቆምኩ፤ አሁንም እዚያው ነኝ።

ብቻውን አይደለም። አሜሪካዊቷ ሳይንቲስት ናንሲ ዌክስለር እናቷን እ.ኤ.አ. በ1978 በሃንቲንግተን በሽታ አጣች፤ እሱም እንደ እኛው ከወላጅ ወደ ልጅ ግማሽ በግማሽ የሚወርድ የአንጎል በሽታ ነው። ቬኔዙዌላ ውስጥ በማራካይቦ ሐይቅ ዳር በሽታው ወደበዛባቸው ቤተሰቦች ለዓመታት እየተመላለሰች፣ የማን ልጅ ማን እንደሆነ እየመዘገበች፣ ደም እየሰበሰበች ሠራች። በዚያ ሥራ በ1983 ዘረመሉ ያለበት ሥፍራ ታወቀ፤ በ1993 ዘረመሉ ራሱ ተገኘ፤ ማንም ሰው ከመታመሙ በፊት የሚያውቅበት ምርመራ መጣ። ያንን በር ለዓለም ካስከፈቱት አንዷ የሆነችው ሴት ግን ስለ ራሷ ለረጅም ዓመታት ምንም አልተናገረችም። በሽታው እንዳለባት በይፋ የገለጸችው በ2020 ነው። ስለ ሳይንሱ ከእሷ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ዝምታዋን ድንቁርና ወይም ፍርሃት ነው ብሎ የሚያልፍ ሰው ካለ አልስማማም። በሃንቲንግተን ሥጋት ውስጥ ከሚኖሩ ሰዎች ብዙዎቹ ምርመራው እጃቸው ላይ እያለ አይመረመሩም።

ታናሽ ወንድሜን ስሟገትለት አንድ ነገር ይይዘኛል። ሃንቲንግተንን ቀድሞ ማወቅ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት አያመጣም፤ የእኛን ማወቅ ግን የሚያመጣው አለ። ታዲያ የአለማወቅ መብቱ እዚህም እኩል ይጸናል? ብዙ አሰብኩበት። የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሳያውቅም ሊያደርገው የሚችለው አብዛኛው ነገር አለ። ግፊቱን መለካት ለማንም የሚመከር ነው። ሲጋራ አለማጨስ፣ ጨው መቀነስ፣ ሐኪም ሲያይ አባቴ እንዲህ ነበረበት ብሎ መናገር፣ ድንገተኛ ኃይለኛ ራስ ምታት ከመጣ አለመተኛት። ይህን ሁሉ «አለህ» ሳይባል ማድረግ ይቻላል። ነገርኩት። «እሱን አደርጋለሁ» አለኝ፤ ቤቱ የግፊት መለኪያ ገዝቶ አስቀመጠ። ይህ ለእኔ ፍርሃት አይመስልም።

ለጋሽ ለሚመረምሩ ሐኪሞች አንድ ነገር ማለት ብችል የምለው ቅደም ተከተሉን ነው። በዘር የሚወርድ በሽታ ካለበት ቤት ዘመድ ልስጥ ብሎ ሲመጣ፣ ስለ መስጠት ከመነጋገር በፊት ስለ ማወቅ ይነጋገሩት። ለብቻው፣ ከቤተሰብ ርቆ፣ የትኛውም መሣሪያ ሳይነካው። ማወቅ አልፈልግም ካለ ምርመራው እንዳይጀመር፤ ለዘመዶቹም በለጋሽነት ስሙን ማንም እንዳያነሳው። የዘረመል አማካሪዎች ይህን ጥያቄ ሥራዬ ብለው ይጠይቃሉ። ችግሩ እኛ ወደነሱ አለመላካችን ነው፤ በለጋሽ በር ስለገባን ታማሚ ሊሆን የሚችል ሰው መሆናችንን ያየልን የለም።

ልጄ

ልጄ 19 ዓመቷ ነው። የእኔ ክብ በጠቆረበት ቅጽበት የእሷም ዕድል ግማሽ በግማሽ ሆነ፤ እሷ ግን ያኔ ትምህርት ቤት ነበረች። ይህን ለምን ያህል ጊዜ ብቻዬን ይዤው እንደምቆይ ማሰብ ጀምሬ ነበር፤ ያቺ ሐኪም ግን በትንሽ በትንሹ፣ ሳይቆይ መናገር እንደሚሻል መከረችኝ።

ነገርኳት። የነገርኳት በሽታዬን ነው፤ የእሷን ግን አልነገርኳትም፤ እሷ መጠየቅ የምትችለው ጥያቄ እንዳለ፣ መልሱም በፈለገችው ዕድሜ ሊጠበቅ እንደሚችል ብቻ ነገርኳት። በእሷ ዕድሜ አልትራሳውንድ ንጹሕ ቢወጣ እንኳ ነፃ ነሽ እንደማይባል፣ የደም ምርመራው ግን የቤተሰባችን የዘረመል ለውጥ በወንድሜ ስለተለየ የሚፈለገው ከዘረመሉ አንድ ፊደል ብቻ እንደሆነ አስረዳኋት። ልጅ ለመውለድ ስታስብ ፅንሱ ማሕፀን ከመግባቱ በፊት የሚመረመርበት መንገድ መኖሩንም ነገርኳት፤ እሱን ስጀምር ግን እጇን አነሳች። «እሱ ሌላ ቀን» አለች። ከዚያ ስለ አያቴ ጠየቀችኝ፤ ስንት ዓመቷ ነበር፣ ማን ነበር አብሯት የነበረው፣ አባባ ያኔ ስንት ዓመቱ ነበር። ሰባት ነበር አልኳት። ረጅም ጊዜ ያወራነው ስለ እሱ ነው፤ በሰባት ዓመቱ እናቱን ስላጣ ልጅ።

ለወንድሜ ልትሰጥ የተነሳችው በመጨረሻ ሚስቱ ናት። ከእኛ ደም የሌላት፣ ከእኛ ቤት ሁሉ በሙሉ ልብ መመርመር የምትችለው እሷ ብቻ ናት። ኩላሊቶቿ ጤነኛ ናቸው። የደም ዓይነታቸው ግን አልገጠመም፤ ስለዚህ እንደነሱ ካልገጠሙ ሌሎች ጥንዶች ጋር ለጋሽ የሚለዋወጡበት መዝገብ ላይ ገብተዋል። እስካሁን አልተጠሩም። ጋሼን ከእጥበት ወደ ቤቱ የሚመልሰው ታናሻችን ነው። እማዬ ስለ ምርመራው መጠየቅ ትታለች፤ ሲመጣ የምትጠይቀው ግፊቱን ለክቶ እንደሆነ ነው፤ እሱም ቁጥሩን ይነግራታል።